ለማርያም የታጠበው ነጠላ

አበባይሽ፣

ከአዳር ሥራ ስትመለሺ ለዛሬው ማርያም ያጠብሽውን ነጠላ አትፈልጊው። ትምህርት ቤት ሄዷል፤ ልጅሽም ውስጡ አለች።

ትናንት «የሰይጣን በዓል እዚህ ቤት አይገባም» ብለሽ ስትወጪ፣ ስታለቅስ የቀረችው እኔ ጋ ነው። «ሌሎቹ ሁሉ ጭራቅና ጠንቋይ ሆነው ሲመጡ እኔ ብቻ ቢታንያ ሆኜ ልሂድ?» አለችኝ።

ለሃሎዊን ልብስ ሳንቲም አላወጣሁም። ለመወልወያ ይሁን ያልሽው አሮጌ ነጠላ መስሎኝ ከማድረቂያው አንስቼ ሁለት የዓይን ቀዳዳ አወጣሁለትና መንፈስ ሆነች። ጥለቱ አዲስ መሆኑን ያየሁት መቀሱን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

አሮጌው አሁንም እዚያው ተሰቅሏል። ለዛሬ እሱን ለብሰሽ ሂጂ። ማርያም ጥለት አታይም፤ የሚያዩት ከኋላሽ የሚቆሙት ናቸው።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ ዓርብ መሆኑን አልረሳሁም።

ልጅቷን አትቆጪያት። እኔን ከስኬቨኒንገኑ ሆቴል ሥራዬ ስመለስ ትቆጪኛለሽ። ዛሬ የማጸዳቸው ክፍሎች ብዙ ስለሆኑ አመሻለሁ፤ ለቁጣው ተረጋግተሽ ተዘጋጂ።

ደግሞ አዲሱንም በመስቀለኛ ስታጣፊው ቀዳዳዎቹ አይታዩም። ጠዋት ልጅቷ ሳትለብሰው መስታወት ፊት ቆሜ ሞክሬዋለሁ።

የመስጊድ እህቶቼ ግን ይህን እንዳይሰሙ።

ጀናት