እቴቴን ፍልውሃ የላክኋት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ሰመራ
ዛሬም የእቴቴን ስልክ ሳላነሳ ክፍል ገባሁ። ርዕሱ ማይክሮ አር ኤን ኤ ነበር። ከጂን የሚመጣውን መልእክት ዝም የምታሰኝ ትንሽ ሞለኪውል ናት አልኳቸው። አንዳንዶቹ የጡት ካንሰር ግንድ ሕዋስን አደብ ያስገዙታል፤ እነሱ ሲመናመኑ ሕዋሱ ይነቃል፣ በደም ይጓዛል፣ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ ጡቱ ተቆርጦ ከወጣ በኋላም?" አለች።
"በኋላም። ዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል።"
ከዚያ ወዲያ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።
እቴቴ፣ አዋሽ ያለችው ታላቅ እኅቴ፣ ጡቷን ከተቆረጠች ሦስት ዓመቷ ነው። ወገቧን ካመማት ሁለት ወር። "ቆመሽ ስለምትውዪ ነው፣ ፍልውሃ ግቢበት" ያልኳት እኔ ነኝ። እኔ! ደመወዝ የምበላበትን ትምህርት የገዛ እኅቴን ነፈግኳት።

ማክሰኞ
ደወልኩ። ፍልውሃው ለአንድ ቀን ለቀቅ ያደርጋታል፣ ከዚያ ይብስባታል። ራጅ ተነሺ አልኳት። "ለወገብ?" ብላ ሳቀች። ሳቋ አናደደኝ። ደግሞ በማን ልናደድ!
ለነገ መንገድ የሚያዝ፦ ፈቃድ ከዲፓርትመንት። የድሮ የሕክምና ወረቀቷ (እሷ ጋ ነው)። ድፍረት፤ እሱ የት እንዳለ እንጃ።

ረቡዕ፣ አዋሽ
በማለዳ ሚኒባስ መጣሁ፣ ሙቀቱ ጨርሶኛል። እቴቴ ምግብ ቤቷ ውስጥ ጠረጴዛ እየተደገፈች ለከባድ መኪና ሹፌሮች ሽሮ ታቀርባለች። አንዱ "እትዬ፣ ፍልውሃውን እንዳትተዪ፣ እኔም ወገቤ የተሻለኝ እዚያው ነው" አላት። ልሰድበው አማረኝ። ምን ብዬ? ያለው እኔ ያልኩትን ነው።

ሐሙስ፣ አዳማ
ይዣት መጣሁ፣ ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ ፊልሙን ደጋግሞ አየና "አንድ ቦታ አላማረኝም፣ ኤምአርአይ ይጨመር" አለ። እሱንም ተነሣች። ውጤቱ ሰኞ ነው።
ወረፋ ላይ "ያቺ የምታስተምሪያት፣ ካንሰርን አደብ የምታስገዛው ትንሽ ነገር፣ ከእሷ መድኃኒት ተሠርቷል?" አለችኝ። ገና እየተመራመሩ ነው አልኳት።
"እንግዲያ ለእኔ ምኔ ናት?" አለች።

ዓርብ፣ አዋሽ
ነገርኳት። ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር፣ ፈርቼ ነው ፍልውሃ ያልኩሽ አልኳት። ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም።
"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለች። "አንቺ ፍልውሃ ስትይኝ ግን፣ የተማረችው ካልፈራች እኔ ምን አስፈራኝ ብዬ ሁለት ወር ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።"
አልተቆጣችም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችም። ሌላ ቢላ ሰጠችኝ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ መክተፍ ጀመርኩ። ሰኞ አብሬያት ሐኪሙ ዘንድ እገባለሁ።