ለታደለ የተሳሉት ስለት

ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የሰሊጥ እርሻው

ዛሬም በምሳ ዕረፍት ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ለአጫጆቹ ልብ ወለዱን አነበብኩላቸው። ባለታሪኩ ታደለ ተይዞ ወህኒ የወረደበት ላይ ስደርስ አለቃችን "ያላ፣ ሹጉል!" ብሎ ወደ ሥራ ጠራን። መጽሐፉን ዘጋሁ።

ምግብ የሚያበስሉልን እማማ ብርቄ ተከትለውኝ መጡ። ልጃቸው ለውትድርና ከታፈሰ ወዲህ ወሬው የለም። ስለ እሱ ትንፍሽ አይሉም፤ የሚጠይቁኝ ስለ ታደለ ነው።

"ለገብርኤል ተስያለሁ" አሉኝ። "ታደለን ለእናቱ ካበቃልኝ፣ አገሬ ስገባ ዣንጥላ አስገባለሁ።"

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ዋጥኩት።

"እማማ፣ መጽሐፍ እኮ ነው። የተጻፈ ነገር በስለት ይለወጣል?"

ተቆጡ። "አንተ ምን ታውቃለህ? ገና መች ተነበበና! ያልተነበበ ነገር መቼ ሆነ?"

መጽሐፉን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት።

"ምነው፣ ፊትህ ጠቆረ?"

"ፀሐዩ ነው" አልኩ።

አላመኑኝም። ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

መጽሐፉ ይኸው ጭኔ ላይ ነው። ለእሳቸው ታደለ እስከ ነገ ምሳ ድረስ በሕይወት አለ። እኔ ግን ትናንት አላስችለኝ ብሎ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ።