ለሽሮ ሆድ የሚሆን ብረት

መጋቢት 3፣ ጠዋት 3 ሰዓት

እንደገና ጋራዥ። መናኸሪያ ሰፈር፣ ጋሽ ከድር ግቢ። ካርቶን ተነጥፎልኝ በጀርባዬ ተኝቻለሁ፤ ከላዬ የሽሮ ሆድ። ሽሮ መኪናዬ ናት፤ ቀለሟን ያየ ሰው ስሟን ከየት አመጣሽው ብሎ አይጠይቅም። በቀሚስ መምጣቴ ስህተት። ሁለት ሹፌሮች ሻይ ይዘው እግሬን ያያሉ። ይዩ።

ላንቺ ግን ልናዘዝ፣ ማስታወሻዬ። አምና ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ ጨምበላላ፣ አማቴን ላመጣ ወደ አርቤጎና ስወጣ መንገድ ቀረሁ። በጋዜጣ ዓምዴ ላይ ናዳ መንገዱን ዘጋው ብዬ ጻፍኩ። አንባቢ ሁሉ አዘነልኝ፤ እንኳን ተረፍሽ የሚል መልእክት ጎረፈ። ናዳ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ድንጋይ ነበር። እሱም ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ እኔ ነኝ የሄድኩበት። ያን ሰዓት ለጓደኛዬ የድምፅ መልእክት እየቀዳሁ ነበር። የጎረቤታችን ሠርግ ላይ ሁለቱ አማቾች ኬክ ሲቆረስ እንዴት እንደተኳረፉ። ግጭ! ከስር ያለው የዘይት ቋት፣ ኮፓው፣ ተበሳ፤ የሞተሩ ዘይት ባንዴ መንገዱ ላይ። መልእክቱ ግን ተልኳል። መጨረሻው ላይ የኔ ጩኸት አለበት።

ከዚያች ጓደኛዬ ሌላ እውነቱን የሚያውቁት ባለቤቴ ታምራትና ጋሽ ከድር ብቻ ናቸው። ታምራት የሚያነሳው ሲያኮርፍ ነው። ጋሽ ከድር ደግሞ ሁሌ።

ዛሬም አነሱት። ያንን መንገድ ያለ ሆድ መከላከያ የሚሄድ ሰው ያላንቺ አላየሁም አሉ። እሺ። ዘንድሮ ሽሮ ከስሯ ብረት ትለብሳለች። ቆርጫለሁ።


መጋቢት 4፣ ከሰዓት

አባባ ላንቃሞን ልጠይቅ ሄድኩ። የእማማ፣ ማለት የአማቴ፣ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እዚሁ ሐዋሳ ልጃቸው ቤት። እግራቸው ዳገት እምቢ ብሏል፤ እማማ ጋ መሄድ ቀረ። እማማም ከቤታቸው እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ድንጋይና ጭቃ በእግር አይችሉትም፣ ሞተር ሳይክል ላይ ከምወጣ ሞቴን ይላሉ። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኝ ሽሮ ብቻ ናት። ሽሮና እኔ። አየሽ ጉዱን?

አምና በዓሉ ዕለት አባባ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት በጉዱማሌ ከጎናቸው ወንበር ይዘው ዋሉ። ሰው ሊቀመጥበት ሲመጣ እህቴ እየመጣች ነው ይላሉ። እስኪበተን ድረስ።

ዛሬ ደግሞ ከኮታቸው ኪስ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። የኔ ዓምድ! ያ የናዳው! የልጅ ልጃቸው አንብባላቸው፣ ቆርጠው ይዘውት ኖሯል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳያሉ። "ናዳ ነው እንጂ፣ እህቴ አትቀርብኝም ነበር።" ሳቅኩ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።


መጋቢት 5

መለዋወጫ ሱቅ። ሻጩ ሽቶ የተቀባ ወጣት፤ እመቤት እያለ። አንድ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም አወጣ፣ ከውጭ የመጣ፣ ቀላል፣ የማይዝግ። ፊቴን አየሁበት፤ ቅንድቤ መስተካከል አለበት። ልገዛው ነበር። ደግነቱ ታምራት ሜትር ይዞ መጥቷል። ለካ። ቀዳዳው ከሽሮ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም፣ ኮፓውን ገሚሱን ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ካምቢዮውን ጭራሽ። ሻጩ በትንሽ ብየዳ ይስተካከላል አለ። ታምራት አሉሚኒየም እንደ ብረት ዝም ብሎ አይበየድም አለ። ከየት እንዳወቀ እንጃ። ቢሮ ውሎ የሚመጣ ሰው!

ውብ ነው። የኛ አይደለም። ተውነው።

ፀጉር ቤት ደግሞ ሁሉም መሐንዲስ። አንዷ የእንጨት ጣውላ አለች። ሌላዋ ጸበል እርጪባት።


መጋቢት 8፣ ምሽት 12 ሰዓት

ጋሽ ከ. በራሳቸው መንገድ ሠሩት። ወፍራም ላሜራ፣ የጣት ውፍረት ሊሆን ምንም አልቀረው። ከፊት ፓራውልቱ ስር ጀምሮ እስከ ካምቢዮው። ሁለት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ይሄን ታንክም አይበሳው አሉ፣ በቡጢ እየመቱ። ጎረቤቶች ወጥተው አዩ። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ በመዶሻ መታ መታ አደረግኩት፣ እንደ ደወል ጮኸ።

አንድ ነገር ብቻ። ሽሮ ከፊት ዝቅ ብላለች። አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፍታ ያጠፋች ልጅ መስላለች። ጋሽ ከ. ባሌስትራው ይለምደዋል አሉ። ይልመድ እሺ።


መጋቢት 10

አልለመደም።

ለሙከራ ወደ ታቦር ተራራ ጀርባ ወጣን፣ ታምራት ከጎኔ፤ ስልኬን ነጥቆኛል። አምና የመታኝን የሚያህል ድንጋይ መረጥኩ። ቀስ ብዬ ቀረብኩ። ብረቱ ወፍራም ነዋ! ግን የፊቱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወደታች የወረደ ነው፣ እንደ አካፋ። ድንጋዩን ዛቀው። ሽሮ ቆመች፣ እኔ አፍንጫዬን ከመሪው ጋር አጋጭቼ፣ ታምራት በሁለት እጁ መስታወቱን ተደግፎ። ወደ ኋላ ስል ደግሞ የቡሎኖቹ ራስ ያዘን። ክሪክ አውጥተን፣ ጎትተን፣ ላብ በላብ።

ብረቱ አልተጫረም። እኛ ግን አላለፍንም። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

ታምራት አልሳቀም። እሱ ካልሳቀ ነገሩ ከባድ ነው። የፊቼን ቀን አስታወሰኝ። እዚህ ላይ ነው የማብደው፦ ገና መሆኑን እናውቃለን፣ ቀኑን ግን አናውቅም። ካላንደር ላይ የለም። ከዋክብት የሚያዩት አያንቱዎች ሲያውጁ ነው የምንሰማው። ነገ ሊሆን ይችላል የሚታወጀው። እኔ ደግሞ አካፋ ገጥሜያለሁ።


መጋቢት 12፣ ረፋድ

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው። ጾም ነው፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልነካም። ሾርባ ብቻ ጠጣሁ። የምን ሾርባ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አሁን ስሚኝ። በቀለ ጀልባ የሚሉት ሰውዬ አለ፣ ጀልባ ጠጋኝ፣ ጺሙ የሸበተ። ሦስት ሰው ሆነው ጀልባ ከውሃ ሲያወጡ አየሁ። ዳርቻው ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ ጀልባዋ ግን ሽርርር ብላ ወጣች። ሾርባዬን ትቼ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ሆዷን አየሁ (ዘንድሮ ሥራዬ ሆድ ማየት ሆኗል)። ከስሯ ስስ ላሜራ ተለብጧል። ስስ! ከፊት ወደ ላይ ተቆልምሟል። የምስማሮቹ ራስ ወደ ውስጥ ሰምጧል፤ እጄን ባሳልፍ ምንም አይነካኝም።

ለምን አላወፈርከውም አልኩት። ከላይ እስከታች አየኝ፤ በፕላስተር የታሸገውን አፍንጫዬን ጭምር።

"እህቴ፣ ከድንጋይ ጋር ምን አጣላሽ? እሱ እንደሆን አይነሳልሽም። ተንሸራተሽ እለፊው።"

ጀልባ ሲያስቸግር ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኩት። ይህን ሁሉ የምትጠይቂው ጀልባ ልትገዢ ነው ወይ አለ። የለም፣ ለመኪና ነው ስል ጓደኞቹ ሳቁብኝ። "ሐይቁ ውስጥ ልትነዳ ነው እንዴ!" ሳቁ። ፎቶ አነሳሁ፤ ስድስት የጀልባ ሆድ ስልኬ ውስጥ አለ።


መጋቢት 13

ጋሽ ከ. ፎቶውን አላየውም አሉ። አርባ ዓመት ጋራዥ ኖሬ ዓሣ አጥማጅ ያስተምረኝ? መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፤ ይሄ ማለት ክርክሩ አበቃ ነው። እኔ ግን ተቀመጥኩ። ቡሎን ሳጥን ላይ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ደንበኛ ሲመጣ ሰላም እላለሁ፣ ወሬ እጠይቃለሁ። ሥራ ፈታ ጋራዡ። በመጨረሻ አንቺን ከዚህ ለማስነሳት ስል ብቻ አሉና ገቡ ሽሮ ውስጥ።

አሞራ ገደል ደርሰን ከበቀለ ጀልባ ጋር ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰላም አልተባባሉም። ጋሽ ከ. ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን በጀልባዋ ሆድ ላይ ከፊት እስከ ኋላ አሳለፉ። መልሰው አሳለፉ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይሄን ማን ቆለመመው?"

"እኔ" አለ በቀለ።

"በምን?"

እሱን ሲጠይቁ ትቻቸው ሄድኩ። ስመለስ በአንድ ሳህን እየበሉ ነበር።


መጋቢት 17፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

አለቀ! ወፍራሙ ወረደ፤ ጋሽ ከ. ለጋራዡ በር ድልድይ አደረጉት። አዲሱ ውፍረቱ ግማሽ አይሞላም፣ ከጀርባው ግን በሁለት አንግል ብረት ተደግፏል። ከፊት ወደ ላይ ተቆልምሟል፣ ልክ እንደ ጀልባዋ። የቡሎኖቹ ራስ ሰምጧል። ዘይት ለመቀየር ብረቱ መፈታት እንዳይኖርበት በኮፓው ትይዩ ክብ ቀዳዳ፤ ጭቃው እንዳይጠራቀም ከኋላ ረዣዥም ስንጥቆች። ቀዳዳውን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ይጻፍልኝ።

ሽሮ ቀና ብላለች። የባሌስትራው ነገር ለካ የብረቱ ክብደት ነበር። ጋሽ ከ. ይሄን አላመኑም፤ ግን አልተከራከሩም።

ወዲያው ታቦር ጀርባ፣ ያው ድንጋይ። ታምራት ወርዶ ቆመ፣ ዓይኑን ከድኖ። ቀስ ብዬ ነዳሁ። ነካው። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ፤ ከፊት ከፍ አለች፣ ተንሸራተተች፣ ወረደች። አለፍን! ስሯ ገብቼ አየሁ፤ አንድ ረጅም ጭረት ብቻ፣ እንደ ጠባሳ። ሳምኩት። እውነቴን ነው። አፈር ነበረው።


መጋቢት 19፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ታወጀ። አያንቱዎቹ ቀኑን ተናገሩ፤ አራት ቀን ቀረው። ከተማው ገና ካሁኑ ሌላ ሆኗል፣ ቅቤ የሚጠይቀው ብዛቱ።

እማማ ጋ ደወልኩ። ነገ እመጣለሁ፣ ሽሮ ብረት ለብሳለች፣ ስለ ድንጋዩ አያስቡ ብዬ ተንደረደርኩ። ድንጋይ ማለቴን የሰማሁት ካመለጠኝ በኋላ ነው። እማማ በዚያ ቀስ ባለ አማርኛቸው፦

"ናዳው ዘንድሮ የለም?"

አሉና ሳቁ። ያን ዕለት ጎረቤቶቻቸው ከገበያ በዚያው መንገድ በእግራቸው ተመልሰዋል። ናዳ አላዩም። እኔን አይተዋል፤ ዘይት መሃል ቆሜ በስልክ ሳወራ። ለእማማ በዚያኑ ቀን ነግረዋቸዋል።

"ወንድሜ ናዳ ነው አለ። እኔም አዎ ናዳ ነው አልኩት። ምን ልበል? ሚስቱ ናት ለልጄ።"

ዓመት ሙሉ! ለገዛ ወንድማቸው፣ ስለኔ ብለው። እኔ ደግሞ እዚህ ብረት ስመርጥ። ስልኩን ዘግቼ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። ታምራት መጣ፣ ምን ሆንሽ አለ። ነገርኩት። እሱም አያውቅም ነበር። እናቴ እንዲህ ናት አለና አፍንጫውን ጠረገ።


መጋቢት 20፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ሁሉም ተጭኗል። ውሃ፣ ገመድ፣ ክሪክ፣ ለእማማ ትራስ። ታምራት ስልኬን ከፊት ያለው የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል፤ ቁልፉ በሱ ኪስ። ትክክል ነው።

የወሰንኩትን ልጻፍ፣ እንዳላፈገፍግ። እማማን አመጣለሁ። ከዚያ ጉዱማሌ ከመሄዳችን በፊት፣ እሳቸው ባሉበት፣ አባባ ላንቃሞን ያቺን ወረቀት ከኪስዎ ያውጡልኝ እላለሁ። ናዳው እኔ ነበርኩ እላለሁ። አዲሱ ዓመት ቂም ተይዞ አይገባበትም ይላሉ፤ ውሸት ተይዞም አይገባበት። ሊቆጡ ይችላሉ። እህታቸውንም ሊቆጡ ይችላሉ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ፤ እሱን እኔ ፊት ሆኜ እቀበላለሁ። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ያው ዓምድ ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ ለአንባቢም። የድምፅ መልእክቱ የደረሳት ጓደኛዬ ምስክር ናት።

ጥሩምባ ነፋ። ታምራት ነው፣ ከመንዳት በቀር ሁሉን የሚያውቀው።

ከጎኔ ወንበር ስር አስቀምጥሻለሁ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ድምፅም፣ አባባ ወረቀቱን ምን እንዳደረጉትም፣ እንደሆነው እንደሆነው ነው የምጽፍልሽ። መጣሁ፣ ታምራት፣ መጣሁ!