ውሃው የጎደለ ሲመስል

ሌክ ሲቲ፣ ሲያትል
ጥቅምት 8 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለምወድዎት አባቴ፣ ለሐጂ ሸምሱ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከረሙ? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎት ናፊሳ ናት፤ እዚሁ ሲያትል፣ ዋይት ሴንተር ሰፈር ሱቅ ያላት የሀገራችን ልጅ። ለአረፋ ቡታጅራ ትገባለች። እኔ ግን አብሬያት አልመጣም። ይኸው፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ነገርኩዎት። አሁን ወረቀቱን ሳይቀድዱት ይስሙኝ።

«ዘንድሮም ከቀረህ አባት አለኝ እንዳትል» ያሉኝን አልረሳሁም። ትኬትም ቆርጬ ነበር።

ሥራዬን ሲጠይቁኝ «የውሃ ነገር ነው» ብዬ አልፌዎት ነበር። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ ውሃ ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ትልቅ ጋን አለ። ውሃው ሲበዛም ሲያንስም ጣጣ ነው፤ ልኩን የሚጠብቀውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነኝ። ታዲያ ይህ ጋን ውሸታም ነው። እማዬ የሚገነፍል ወተት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ስታደርግበት ወተቱ ዝቅ ይል የለ? ድስቱ ውስጥ ያለው ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ጋኑም ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት «ጎደለብኝ» ይላል። ፕሮግራሜ አምኖት ይጨምርለታል። ውሃው ሲሞቅ ሁሉም ባንዴ ይነሳና ከልክ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ሙከራ ላይ እንዲህ ሲያደርግ በዓይኔ አየሁት።

ለአለቃዬ ለጋሽ ሳህሌ ነገርኩት፤ የአዲስ አበባ ሰው ነው።

«ሶ ምን ይጠበስ? ጣቢያው ራሱን ሻት ዳውን ያደርጋል፣ ሰው አይጎዳም። ሳይን አድርግና ፍላይትህን ያዝ!»

«ጋሼ፣ አሁን ካለፈ ማን ይመለስበታል?»

«ኦኬ፣ እንግዲያው ቁጭ በላ!»

ቁጭ ማለቱንም አልቻልኩበትም። ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወንበር ነው። ትኬቱን ሰረዝኩ። ወንድሜ አሕመድ መቅረቴን ከነገረዎት ወዲህ ስደውል አያነሱልኝም። ፕሮግራሙን አሁን የማስተምረው ትዕግሥት ነው፤ «ጎደለ» ሲባል ወዲያው እንዳይጨምር። እኔ ግን የለኝም፤ ዛሬ ስንቴ እንደደወልኩ አሕመድን ይጠይቁት።

እጅዎ መንቀጥቀጥ እንደጀመረ እሱ ነግሮኛል። ዘንድሮ የአረፋውን በሬ ማረጃ ቢላ ለእኔ ለበኩርዎ ሊያስረክቡ እንደነበረም አውቃለሁ። ለአሕመድ ይስጡት። አንዴ ከሰጡት የእሱ ነው። አልከፋኝም ብል ዋሸሁ፤ ይህችን ስጽፍ አልቅሻለሁ።

አላህ ዕድሜና ጤና ጨምሮ ያቆይልኝ። ከእርዱ በኋላ ልጆችዎን በየስማቸው ሲመርቁ አሕመድ ስልኩን አጠገብዎ ይያዝልኝ። ስሜን ከጠሩ አሚን እላለሁ። ከዘለሉኝም ለወንድሞቼ አሚን እላለሁ።

ልጅዎ አንሳር