የተመረቀው ዊልቸር

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። ጧት

ዛሬም ወደቁ። ጎረቤታችን እማማ ጥሩዬ እርሾ ሊበደሩ ብቅ ሲሉ፣ አባዬ «ኖር!» ብለው ሊነሡ። አንድ እግር፣ አንድ ክራንች፣ የረጠበ ወለል። ተቀምጠው ይቀበሉ ብዬ ስንቴ ለመንሁ! ለእንግዳ ካልተነሣሁማ ምኑን ሰው ሆንሁት ይላሉ። ብብታቸው ሥር ያለው የክራንች ቁስል እንደገና አመርቅዟል። እግራቸውን ጦር ግንባር ጥለው ከመጡ ጀምሮ የዓሣ መረብ ይጠግናሉ፤ ሐይቁ ዳር ድረስ በዚያ ቁስል ይሄዳሉ።

የጦር ጉዳተኞች መርጃ መ/ቤቱ ዓርብ ዊልቸር እሰጣቸዋለሁ አለ። ልመን፣ ማስታወሻዬ?

ዓርብ፣ የካቲት 6። ከሰዓት

ቱ!

አዳራሽ፣ አበባ፣ ካሜራ። አባዬን ዊልቸሩ ላይ አስቀመጧቸው። ጭብጨባ። ኃላፊው ትከሻቸውን አቅፎ ፎቶ ተነሣ። ወዲያው አንድ ከረቫታም ጎንበስ ብሎ፣ አባት ይነሡልን፣ ቀጣዩ ይቀመጥ አለ። ቀጣዩ ከመሸንቲ የመጣ ዓይነ ስውር ወታደር። ዓይን ላጣ ሰው ዊልቸር! እሱም ፎቶ ተነሣ፣ እሱንም አስነሡት። ለሁሉም አንዲት ወንበር። ምነው ብል፣ ይቺ ለማሳያ ናት፣ ሌላው መንገድ ላይ ነው አሉኝ። ከዚያ መጋዘን ከተው ቆለፉባት።

ምሳው ደግሞ የእንቁላል ኬክ፣ በዓርብ ጾም! ለውሻ ጣልሁት፤ አሽትቶ ተወው። አባዬ አመስግነው ወጡ። አመስግነው!

ኀሙስ፣ የካቲት 19

ፎቷቸው ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። «ድጋፍ ተደረገላቸው» ይላል። ገበያው ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ይለኛል።

ይባስ ብሎ ነገም ለዚያው ፎቶ ጠሯቸው። ከላይ እንግዳ ይመጣል አሉ። አባዬ እሄዳለሁ ብለው ሜዳሊያቸውን ይወለውላሉ። አፈርሁባቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አፈርሁባቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ማስታወሻዬ፣ ስሚኝ!

ዊልቸሩ ላይ አስቀመጧቸው። ካሜራው ሲዘጋጅ አባዬ እጃቸውን አነሡ። የአገር ስጦታ ሳይመረቅ አይወሰድም፣ ቄሱም ሼሁም እዚሁ ናቸው አሉ። እንግዳው ደስ አላቸው። ቄሱ መረቁ፣ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ የሰጠ እጁ ይባረክ፣ የተቀበለም ይጠቀምበት። አዳራሹ አሜን! ኃላፊው ከሁሉ በላይ ጮኸ።

ከረቫታሙ ጎንበስ ሲል አባዬ፣ «ልጄ፣ አሜን ብለሃል እኮ» አሉት። ይችኑ ብቻ። እሱ ኃላፊውን አየ፣ ኃላፊው እንግዳውን፣ እንግዳው ቄሱን። አሜን የተባለበትን ማን ደፍሮ ይነጥቃል? እየገፋሁ ወጣሁ። ሐይቁ ዳር እስክንደርስ አልቆምሁም። አፈርሁባቸው ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ!

ከኋላችን ተራውን ይጠብቅ የነበረ፣ ከዱርቤቴ የመጣ ሌላ ባለ አንድ እግር ወታደር ግን ባዶውን ተመለሰ። እሱን ሳስብ ደስታዬ ይጎመዝዘኛል።

ሰኞ፣ የካቲት 23። ጧት 3 ሰ.

ደጅ መኪና ቆሟል። ከረቫታሙና ሁለት ጎረምሶች። ስህተት ነበር፣ ንብረቱ የመ/ቤቱ ነው ይላሉ። ምን ዓይነት ሆድ ነው የተሰጣቸው! በሩን ልቀረቅር ስነሣ አባዬ ከለከሉኝ። እንግዳ ደጅ አይቆምም፣ አስገቢያቸው አሉ። መረቡን ጭናቸው ላይ እንደዘረጉት ናቸው። ክራንቹን ላቀብላቸው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ተይው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከፈትሁ። ገቡ። አባዬ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እዚያችው ዊልቸር ላይ እንደተቀመጡ፣ ሳይነሡ፣ «ኖር!» አሉ።