ግድግዳው እስኪወፍር

ሰኞ፣ ቢቸና

አምስት ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ! ዛሬም ለአልትራሳውንድ ሞጣ ደርሼ መጣሁ፤ እዚህ ብመረመር እስከ ማታ አገር ምድሩ ይሰማዋል። የአዲስ አበባዋ ዶክተር የማህፀኔ ግድግዳ ቢያንስ ሰባት ካልሞላ ጽንሱን አታስገባውም። የቀረን አንድ ጽንስ ነው፣ እዚያው እሷ ጋ በቅዝቃዜ የተቀመጠ። የፊተኞቹ ሁለቱ አልያዙም። ግድግዳውን የሚያወፍረውን ኪኒን በቀን ሦስት አደረገችው። እስከ ዓርብ ካልወፈረ የዚህ ወሩ ቀረ ማለት ነው።

ራሴን ያመኛል፤ ሆደ ባሻም ሆኛለሁ። ባሌ ይበልጣል ሳህን ስላጠበ እንኳ አለቀስኩ።

ማክሰኞ

ለይበልጣል ስደውል ድምፄን ለቅቄው ኖሯል። "ግድግዳው ስስ ነው፣ ካልወፈረ አይገባም" እያልኩ ዞር ስል እናቱ እማማ ጥሩዬ በር ላይ ቆመዋል። ክው አልኩ። ሰባት ዓመት የደበቅኳቸው ነገር! እሳቸው ግን ያመጡልኝን እርጎ አስቀመጡ፣ የቤቱን ግድግዳ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ሄዱ።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ። በጠዋት እማማ ሁለት ሰው ከነጭዱ ይዘው ከች አሉ፤ ግድግዳ ሊያስመርጉ! የምናከራያትን የጓሮ ክፍል ሊከራይ የመጣ ሰው "ግድግዳው ስስ ነው፣ አልገባም" ያለን መስሏቸዋል። ሳቅሁ፣ ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ጭቃው እየተቦካ እሳቸው እጄን ይዘው ሰሙኝ።

"እኔም እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልጠየቅሁሽ" አሉኝ።

ይበልጣል ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት የከረመ ነው። ማታ ስነግረው "ሰሙን እናቴ ወሰደች፣ ወርቁን አንቺ" ብሎ ሳቀ። የጓሮዋ ክፍል ግን ተመርጋ አደረች።

ሐሙስ

እማማ ሦስት ጊዜ ደወሉ። ኪኒኑን ዋጥሽ? ምሳ በላሽ? ባልዲ አነሳሽ? ሦስተኛው ላይ ትንሽ መረረኝ፤ ስልኩን ስዘጋ ደግሞ ደስ አለኝ። ነገ ዓርብ ነው።

ዓርብ

እማማ ካልሄድኩ ብለው ሞጣ ድረስ አብረውኝ መጡ። ባለሙያው ለካ፣ ደግሞ ለካ። ሰባት ነጥብ አራት! ለዶክተሯ ደወልኩ፤ ማህፀኑን ለጽንሱ የሚያዘጋጀውን ሁለተኛውን መድኃኒት ነገ ጀምሪ፣ ጽንሱ ሐሙስ ይገባል አለች።

ኮሪደሩ ላይ ለእማማ ስነግራቸው እልል ሊሉ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። ግድግዳው ደረሰ እንጂ ጽንሱ ላይይዝ ይችላል አልኳቸው፤ እንዳለፈው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ባይይዝ አብረን እናለቅሳለን" አሉ። "እስከ ዛሬ ለየብቻ ነበር ያለቀስነው።"

ፍርሃቱ አሁንም አልለቀቀኝም። ረቡዕ ወደ አዲስ አበባ የምንሄደው ሦስት ሆነን እንደሆነ ለይበልጣል ነግሬዋለሁ።