አጎት ፕራሞትን ማን ያንብብልኝ?

ሰኞ፣ ጁላይ 1
ዛሬም ዝናብ። ሁለት የሠርግ መጥሪያ፣ አንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ማስታወቂያ አረምኩ። ከሰዓት አለቃዬ የሥራ ጓደኛዬን፣ የአጎት ፕራሞትን የመታሰቢያ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

አስከሬናቸው ቅዳሜ ይቃጠላል። ለለቀስተኛው የሚታደለው የመታሰቢያ መጽሐፍ የኛው ማተሚያ ቤት ሥራ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የስንቱን ሟች መጽሐፍ አብረን አረምን... እሳቸው ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ በእርሳስ እከተላለሁ። የሳቸውን ማን ያንብብልኝ?

ማክሰኞ፣ ጁላይ 2
ብቻዬን ሦስቴ አነበብኩት። ንጹሕ ነው።

ንጹሕ ነው እንዴ? "ብቻውን ያነበበ አላነበበም" ይሉኝ ነበር። "ዓይንሽ የሚያየው የሚያውቀውን ነው።" በፊደላችን ቃላት ያለ ክፍተት ተያይዘው ስለሚጻፉ ዓይን ይንሸራተታል። የኔ ደግሞ እንባ አለበት። በሳቸው መጽሐፍ ስህተት ቢያልፍ... በምን ፊቴ እቆማለሁ?

ረቡዕ፣ ጁላይ 3
ሚስታቸው አክስት ላማይ ለመጽሐፉ የሚሆን ፎቶ ይዘው መጡ። የዘንባባ ስኳር ኬካቸውን ሸጠው፣ ከገበያ በቀጥታ።

"አክስቴ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ።"

"እኔ? እኔና ፊደል ሁለተኛ ክፍል እኮ ነው የተኳረፍነው!"

"ቀስ ብለው።"

"ቀስ ከሆነማ ኤሊም ታነባለች።" ሳቁና ተቀመጡ።

ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያስኬዱ... አንዱ ገጽ ሃያ ደቂቃ። እኔ ሦስቴ ያለፍኩትን አራት ስህተት ያዙ! ገጽ ሰባት ላይ ጣታቸው ቆመ። በሕፃንነቱ የሞተባቸው ልጅ ስም። የመጨረሻው ፊደል የለም።

"ዳራ፣ ይሄ የኛ ልጅ አይደለም።"

ሊታተም ነበር እኮ። አለቀስኩ። ጭራሽ እሳቸው አባበሉኝ። "ተይ በቃ። ለዚህ አይደል የተቀመጥነው?"

ሐሙስ፣ ጁላይ 4
አክስቴ ሲነጋጋ መጡ። አጎት ፕራሞት ታመው ሳሉ በእጃቸው የጻፉት ክፍል ላይ ደረስን። አክስት ላማይ ድምፃቸው እየተቆራረጠ አነበቡ፦ "ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ ስወጣ ወደ ላማይ እቸኩላለሁ።"

ከወረቀቱ ቀና አሉ።

"ይሄን መቼ ነገረኝ? አንድ ቀን እንኳ!"

ጣታቸውን መለሱ። እንደገና አነበቡት። ደግሞ እንደገና።

"ስህተት አለው አክስቴ?"

"የለውም። ዝም በይ፣ ልድገመው።"

አርብ፣ ጁላይ 5
ታተመ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6
ሸኘናቸው። ጡረታ የወጡት የሰፈራችን መምህር መጽሐፉን እዚያው ቁጭ ብለው ጨረሱት፤ የማንንም ስህተት የማይምሩት። ምንም አላገኙም። ደስ አለኝ፤ በለቅሶ ቀን ደስ ይላል?

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9
ጠዋት በሩን ስከፍት አክስት ላማይ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አዲስ መነጽር አድርገዋል። ያምርባቸዋል። ያመጡትን ፎቶ ሊወስዱ የመጡ መስሎኝ ነበር።

"መጽሐፍ ጀምሬ ስጨርስ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው" አሉኝ። "ለካ ሰው ሲነበብ ያወራል። እኔ ሞቶ ዝም ያለ መስሎኝ..."

ገብተው ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ትንሽ አፍረዋል።

"ዳራ... ሌላ ሟች የለሽም?"